ለሁለት ሰው የተሰፋ መቀመጫ፦ የጋሽ ቶርኖ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቶርኖ እያለ የሚጠራቸው የብረት ሥራ ባለሙያ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉባት ቤት ግማሿ መኖሪያ፣ ግማሿ የአባታቸው መሥሪያ ነበረች። ከጡት እንደተላቀቀ የጨበጠው ምስማር ነው እያሉ እናታቸው ሲያወሩ ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ባለው ትምህርት ቤት ተምረው፣ በመቀጠልም ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በ1966 ዓ.ም. ብረት በማሽን በሚቀረጽበት የቶርኖ ሙያ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በአንድ የውኃ ፓምፕ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በቅንነት አገልግለዋል። ከማሽናቸው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ "አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ" የሚለውን አባባል በጠመኔ ጽፈው ነበር። በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ በጣም የተከበሩ፣ ትንሽም የተፈሩ ነበሩ።

በ1972 ዓ.ም. የስፌት መኪናቸው ዘንግ የተሰበረባቸው አንዲት ሶፋ ሰፊ ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልለው ፋብሪካው በር ላይ ቆሙ። ጋሽ ቶርኖ አዲስ ዘንግ ቀርጸው ሰጧቸው፤ ሊገጥሙላቸውም ቤት ድረስ ሄዱ፤ በዓመቱ ተጋቡ። እኚህ ሶፋ ሰፊ ዛሬ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባለቤታቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ታላቅ እህት ናቸው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም አፍርተዋል። እንዲህ በሰላም በኖረ ቤት ውስጥ ጣውንት የገባችው በ2007 ዓ.ም. ነው።

ጣውንት ያሏት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ጋሽ ቶርኖ ጡረታ እንደወጡ ዝገት የበላት አሮጌ ሞተር ሳይክል ከአንድ ጓሮ ገፍተው አመጡና ግቢያቸው ውስጥ ወዳለው ጋራዥ አስገቧት። ካፌ ሬሰር ላደርጋት ነው አሉ። ካፌ ሬሰር ማለት፣ ለማያውቅ፣ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ ትርፍ ብረቷ ሁሉ ተቆርጦ የተጣለ፣ ነጂው ደረቱን የነዳጅ ታንኩ ላይ አስተኝቶ የሚነዳት ቀጭን ሞተር ናት። እትዬ መጀመሪያ ሳቁ። ጡረተኛ ሥራ ካጣ ቤት ውስጥ ይነታረካል፤ ይሁን፣ ትገላግለኛለች ብለው ነበር።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ጋሽ ቶርኖ ቁርሳቸውን በቁማቸው በልተው ጋራዥ ይገባሉ፤ ለምሳ ሲጠሩ "መጣሁ" ይላሉ፤ አይመጡም። ካርቡራቶሯን ፈተው ያጥባሉ፣ ይገጥማሉ፣ መልሰው ይፈታሉ። የሠርጋቸውን ቀን ረስተው የሚያልፉ ሰው፣ ሞተሯ መጀመሪያ የተነሣችበትን ቀን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያወራሉ። አንድ ቀን እትዬ የሐር ሻሻቸውን ቢፈልጉ ቢያስፈልጉ አጡት። በመጨረሻ ጋራዥ ውስጥ የነዳጅ ታንክ ሲወለወልበት አገኙት።

"ለኔ አንድ ቀን እንኳ እንደዚህ አጎንብሰህ ታውቃለህ?" አሉ እትዬ።

"አንቺ ሴትዮ፣ በብረት ትቀኛለሽ?" አሉ ጋሽ ቶርኖ፣ ከልባቸው ገርሟቸው።

"አዎ፣ ቀናሁ! ምን ታመጣለህ?"

እውነታቸውን ነው፤ አንጀታቸው አርሮ ነበር። በሰው ቢቀኑ ኖሮ ሄደው ፀጉሯን ይነጯት ነበር፤ ሞተር ግን በምኗ ትያዛለች?

ነገሩ የከረረው ሻንሲው፣ ሞተሯን የሚሸከመው ብረት፣ የተቆረጠ ዕለት ነው። እትዬ ሻይ ይዘው ሲገቡ ጋሽ ቶርኖ የሻንሲውን የኋላ ክፍል ቆርጠው ጥለው ጫፉን እየበየዱ ነበር። የቀረችው ቦታ ለአንድ ሰው እንኳ ጠበብ ያለች ነበረች። "እኔስ የት ልቀመጥ ነው?" ብለው ጠየቁ። ጋሽ ቶርኖ የብየዳ መነጽራቸውን ሳያነሡ "ይሄ ዓይነቱ የአንድ ሰው ነው" ብለው መለሱ። እትዬ ሻዩን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የጋራዡን ደፍ አልረገጡም።

ሞተሯ አልቃ መቀመጫ ብቻ ሲቀራት ጋሽ ቶርኖ አንገታቸውን ደፍተው ሚስታቸውን ለመኑ። በዚህ ከተማ መቀመጫ እንደ እትዬ የሚሰፋ እንደሌለ የማያውቅ የለም። እትዬ ግን "ለጣውንቴ አልጋ አላነጥፍም" ብለው ቁርጡን ነገሯቸው። ጋሽ ቶርኖም እልኸኛ ናቸው፤ "የሚስቴን ሥራ ለሌላ ሰፊ አልሰጥም" አሉ። ስለዚህ ያቺ እንደ መስታወት የምታበራ ሞተር አሮጌ ብርድ ልብስ ታጥፎ በገመድ ታስሮባት ለዓመታት ተነዳች። መንገደኛው የሞተሯን ታንክ አይቶ ያደንቃል፤ ብርድ ልብሱን አይቶ ይስቃል። ይህን በመስኮት የሚያዩት እትዬ አንጀታቸው ቅቤ ይጠጣ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ጋሽ ቶርኖ በልብ ሕመም ተያዙ። ሐኪማቸው ከባድ ሥራም፣ ሞተር መንዳትም ከለከላቸው። እሳቸው ግን አልጋቸውን ጋራዡ ወደሚታይበት መስኮት አስዞሩ። ይህ ለእትዬ ከሕመሙ ባልተናነሰ መራራ ሆነባቸው፤ የሚያገላብጡት፣ መድኃኒት የሚሰጡት እሳቸው፣ ዓይኑ የሚሄደው ወደ እሷ! አኮረፉ፤ አለቀሱም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጥሩ ጥቁር ቆዳ አውጥተው ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀመጡ።

ሰፍተው ሲጨርሱ መቀመጫውን አምጥተው የሕመምተኛው ጭን ላይ አኖሩት። ረጅም ነበር፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ጋራዥ ላለመግባት ሲሉ በግምት ሰፍተውት ይሁን ወይስ ሆን ብለው፣ እትዬ እስካሁን ትንፍሽ አላሉም። ይህን የምትጽፈው እህታቸው ግን አንድ ነገር ትመሰክራለች፤ እትዬ በግምት ሰፍተው አያውቁም።

ጋሽ ቶርኖ መቀመጫውን አገላብጠው አዩት። በማግስቱ ልጆቻቸው "አባዬ ተው" እያሉ ሲለምኗቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው ጋራዥ ወረዱ። ጥቂት ሠርተው እያረፉ፣ መልሰው እየቀጠሉ፣ የቆረጡትን ሻንሲ በአዲስ ብረት አስረዘሙት። ሊጠይቋቸው የመጡ የሞተር ወዳጆቻቸው ራሳቸውን ያዙ። "ጋሼ፣ አበላሿት እኮ! መልኳ ጠፋ!" አሏቸው። ጋሽ ቶርኖም "ሰፊዋ አልተሳሳተችም። የተሳሳተው ቆራጩ ነው" ሲሉ መለሱ። እትዬ ይህን ወጥ ቤት ሆነው ሰምተዋል።

ሐኪማቸው ይቅር ይበላቸውና፣ ሻል ባላቸው አንድ ጠዋት ባልና ሚስት እስከ ዳቦ ቤቱ መታጠፊያ ድረስ ነድተው ተመለሱ። እትዬ ከኋላ ሆነው ወገባቸውን ጥርቅም አድርገው ይዘዋቸው ነበር። ሲወርዱ እግራቸውን እያሻሹ ለእህታቸው፣ "ለካ እንዲህ ትሞቃለች! በባዶ ሜዳ አልቀናሁም" አሉ።

ጋሽ ቶርኖ በሕክምናና በቤተሰባቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. እትዬ እጃቸውን እንደያዟቸው ዐረፉ። የሞተር ወዳጆቻቸው ሞተሯ ከአስከሬኑ ፊት እየተነዳች ትሂድ ብለው ጠይቀው ነበር። እትዬ "በሕይወቱ እሱን ስትወስድብኝ ኖራለች፤ ዛሬ የምሸኘው እኔ ነኝ" ብለው ቁልፏን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ጋሽ ቶርኖ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ይህን ያስጻፉት እትዬ ናቸው። ጽሑፉ ሊዘጋ ሲል ግን "ቆዪ፤ እሷንም ጻፊያት። እሷም ባሏ ሞቶባታል። ከሁላችን በታች ግን አድርጊያት" አሉ። ስለዚህ ከሁሉም በታች፣ አንዲት ሞተርም ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። በሄዱበትም ሁሉ የኋላውን መቀመጫ ለማንም እንዳይሰጡ እትዬ አደራ ብለዋል።