ሟች ወንድሜን በምስክር ወረቀት ስላመሰገኑልኝ

ለክቡር ዶክተር ዮፍታሔ
የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጥናት ዋና ተመራማሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ባልደረቦችዎም፣ በተለይም ሆድና አንጀታችሁ፣ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ በቡራዩ የገፈርሳ አካባቢ ነዋሪዎች፣ የቀረነው ማለቴ ነው፣ ደህና ነን።

ዓምና በጥቅምት ሠራተኞችዎ ሰገራ ለመሰብሰብ ሰፈራችን ሲመጡ ሕዝቡ አፍሮ በሩን ዘጋባቸው። ያን ጊዜ ጡረታ የወጣሁትን መምህርት፣ እኔን ገለቴን፣ ለማግባባት ስለመረጡኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ግማሹን ሰፈር ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ስለሆንኩ አርባ አንድ ሰው እሺ አሰኘሁልዎ። በመጨረሻ እሺ ያለው ታላቅ ወንድሜ ኦቦ ቦጂያ ነበር፤ ድንችና ገብስ አምራች፣ የሐኪም ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ። «የማምነው አንቺን እንጂ እነሱን አይደለም፤ ቶሌ ብያለሁ፣ ይሁንልሽ» ብሎ የናሙናዋን ዕቃ ተቀበለኝ።

ነርስዎ ሰብስባን «ዓይን የማያየው ደም ከተገኘ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደውላለን፤ ካልደወልን ደስ ይበላችሁ» አለችን። አልተደወለም፤ ደስ አለን። በየካቲት ቦጂያ መክሳትና ሆዱን መያዝ ጀመረ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ብለምነው «አንቺው አይደለሽም እንዴ ያስመረመርሽኝ? ጤነኛ ነህ ተብያለሁ» ብሎ ሳቀብኝ። በሰኔ ተሸክመን ስንወስደው ዕጢው ጉበቱ ደርሷል። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ…» አለን። በነሐሴ ቀበርነው።

ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከቀብሩ በኋላ ቢሮዎ መጥቼ ፋይሉን አየሁ። ደም መገኘቱ የተጻፈው ናሙናውን በሰጠ በዘጠነኛው ቀን ነው። ከሥሩ «አንድ ጊዜ ተደውሎ አልተነሳም» ይላል። ወንድሜ ድንቹን ሲኮተኩት ስልኩን ቤት የሚተው ሰው በመሆኑ በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪ኛ. የቀሩትን የአርባ ሰዎች ውጤት ብጠይቅ የተሳታፊዎች ምስጢር መጠበቅ አለበት ተባልኩ። ምስጢር አጠባበቅዎ ያስደንቃል፤ ከባለቤቶቹም ጭምር ጠብቀውታል።

፫ኛ. ስለዚህ ያንኑ ሰፈር እንደገና ቤት ለቤት ዞርኩት፤ አሁን ግን በሩን የሚዘጉት በእኔ ላይ ነበር። ያስተማርኳት ጂቱ «ቲቸር፣ ደግሞ ማንን ሊቀብሩ ነው?» አለችኝ። እደጃፏ ቆሜ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ባሏን ያደታን ይዛ መጣች። ሚኒባስ ነጂና ከአርባዎቹ አንዱ ነው፤ ቢሮዎ ሄዶ እስኪሰጡት አልወጣም ብሎ ውጤቱን ተቀበለ። እሱም ላይ ደም ተገኝቶ ኖሯል። ሐኪሞች አንጀቱን በካሜራ አይተው ዕጢውን ሳይሠራጭ ቆርጠው አወጡለት፤ ዛሬ ሥራው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሃያ ሦስት ሰዎች ውጤታቸውን አስከፍተዋል። የቀሩት አሥራ ስድስቱ እስከ ዛሬ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ።

ምርመራው ሰው እንደሚያድን በያደታ አይቻለሁና ጥናትዎን አልረግምም። የሚያንገበግበኝ ወንድሜ እርስዎን ሳይሆን እኔን ማመኑ ነው፤ እኔ ደግሞ እርስዎን።

ባለፈው ሳምንት «ለሳይንስ ላደረጉት የላቀ አስተዋጽኦ» የሚል፣ በኦቦ ቦጂያ ስም የተዘጋጀ ምስክር ወረቀት ለሚስቱ ደርሷታል። መልእክተኛዎ ቤቱን ለማግኘት አንዳች አልተቸገረም።

አርባ አንድ ደጅ አንኳኩታ አርባ አንድ ሰው ያዘናጋችው፣ ለክቡርነትዎ ጥልቅ አክብሮት ያላት የጥናትዎ አስተባባሪ፣
ገለቴ
ቡራዩ

ማስታወሻ፦ ሱሉልታ ላይ ለሚጀመረው ሁለተኛ ዙር እንዳስተባብር ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ፤ በደስታ ተቀብያለሁ። ሥራውን የምጀምረው ከእርስዎና ከቤተሰብዎ ናሙና በመሰብሰብ ነው። ስለ ውጤቱ አይሥጉ፤ አንድ ጊዜ እደውልልዎታለሁ።