ከኮኮናት ዛፍ ላይ ስለሚሰበክልን ጸጥታ

ለተከበሩ አቶ ዊጄቱንጋ፣
የሄናጎዳ ቡድሂስት ገዳም የምእመናን ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንድትኖሩ ከልብ እመኛለሁ። ስለ ጆሮዎ እንኳ አልሰጋም፤ ቤትዎ ከኮረብታው ጀርባ ስለሆነ የገዳሙ ድምጽ ማጉያ እንደማይደርስበት፣ ከስድስት ዓመት በፊት ኮኮናት ዛፉ ላይ ወጥቼ የማጉያውን ሽቦ የዘረጋሁት እኔው በመሆኔ በደንብ አውቃለሁ።

ኮሚቴው በየንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት መንደሩን ቀስቅሶ ተመስጦ ስለሚያስተምረን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «አእምሯችሁን ጸጥ አድርጉ» የሚለው ቃል የመስኮት መስታወት ሲያንቀጠቅጥ መስማት ለሌላ መንደር ያልተሰጠ ጸጋ ነው። ካላስቸገርኩዎት ግን ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. ታላቅ እህቴ ሊላዋቲ በየሙሉ ጨረቃው ነጭ ለብሳ፣ ገዳሙ ጥግ ተቀምጣ ትንፋሿን ስትከታተል አርባ ዓመት ኖራለች። ሐኪሞቹ ጉበቷ እንዳበቃለት ነግረው ወደ ቤት ሲመልሷት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የመጨረሻዋ ሐሳብ የረጋ እንዲሆን። ከሞት በኋላ ቀጣዩን ልደት የሚወስነው ያ ሐሳብ መሆኑን እናንተው አስተምራችኋታል። ስለዚህ ለሰባት ቀን ብቻ ድምጹ እንዲቀነስ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አመለከትኩ።

፪. ማመልከቻዬን በትዕግሥት ስለሰሙልኝ አመሰግናለሁ። «ጋሼ ፒያሴና፣ ድምጽ የሚረብሸው ሰውማ ገና ብዙ ተመስጦ ይቀረዋል!» ሲሉኝ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ መንደሩን ሳስቅ የኖርኩ ሰው ነኝና አልቀየምኩም። ጸሐፊዎም «ጆሮዋ ላይ ጥጥ ይደረግላታ» ብሎ መከረኝ። አደረግንላት። ጥጥ የማይበግረው ማጉያ ስለመረጣችሁ ደግሞ አድናቆቴ ይድረሳችሁ።

፫. ከስብሰባው ስመለስ ፒንሳዬን ይዤ ሽቦውን ልቆርጥ ወደ ዛፉ ልሄድ ነበር፤ አልደብቅዎትም። እህቴ ከአልጋዋ ሆና አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ደግሞ ምን ልታበላሽ ነው?» አለችኝ፣ ስድሳ ስምንት ዓመቴን ከምንም ሳትቆጥር። «ፖዲ ማኒኬን አስብ እንጂ። ዓይኗ አያይ፣ ጠያቂ የላት። መንጋቱን የምታውቀው በማጉያው ነው።»

ፖዲ ማኒኬ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ፒንሳውን ኪሴ ከተትኩ። ለመሞት ጥቂት ቀን የቀራት ሴት ጸጥታዋን ለጎረቤቷ ለቀቀች፤ አሥራ አንድ አባላት ያሉት ኮሚቴ ግን አንዲት ቁልፍ ወደ ግራ ማዞር አቃተው።

፬. ማክሰኞ ንጋት አጠገቧ ነበርኩ። ማጉያው «ወደ ውስጥ ተንፍሱ» አለ፤ ተነፈሰች። «ወደ ውጭ ተንፍሱ» አለ፤ ተነፈሰች። ፊቷ ለስልሶ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ከመንቀጥቀጥ አርፎ ነበር። በዚህ መሃል ትምህርቱ ተቋረጠና የገዳሙን በር የዘጋውን ትራክተር ባለቤቱ በአስቸኳይ እንዲያነሳ ማስታወቂያ ተነገረ፤ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ።

እህቴ ግንባሯን ቋጠረች። «የማን ትራክተር ነው?» አለችኝ።

ማጉያው ወደ ትምህርቱ ተመልሶ «ወደ ውስጥ ተንፍሱ» አለ። አልተነፈሰችም።

እንግዲህ በትምህርታችሁ መሠረት አርባ ዓመት የተዘጋጀች ነፍስ በትራክተር ሐሳብ ተይዛ የት እንደምትወለድ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ቢያብራሩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ለቀብሯ ስለላካችሁት አበባም፣ በማጉያው ስላስነገራችሁት የሐዘን መግለጫም ከነድምጹ አመሰግናለሁ።

ቃልዎን በሌሊት ልብሴ ሆኜ፣ ሳልወድም ቢሆን በየንጋቱ የምሰማ፣
ትሑት አገልጋይዎ
ፒያሴና፣ ሽቦ የዘረጋው

ማስታወሻ፦ ትናንት የእህቴን ትንሽ ሬዲዮ ለፖዲ ማኒኬ ወስጄ ሰጠኋት። ንጋት ላይ ተመስጦ የሚያስተምር ጣቢያም አገኘሁላት። ትራስዋ አጠገብ አድርጋ ሰማችውና «ይሄስ ሰው ሰው ይላል፤ አያንባርቅብኝም» አለችኝ። ፒንሳው አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው፤ ዛፍ መውጣትም አልረሳሁም።