የጋሽ እንደገና የሕይወት ታሪክ፦ እጅን ያስረሱ ሰው

የማተሚያ ቤቱ የያኔው ሥራ አስኪያጅ፣ ኮምፒውተሮቹ በገቡበት በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሰኞ፣ በሻይ ሰዓት፣ የእርሳስ ፊደል በእጅ እየለቀሙ ገጽ የሚደረድሩትን ፊደል ለቃሚዎች አሰልፎ «ደረቅ እንጨት አይቃናም። እናንተን ከማስተማር ይህን ግድግዳ ማስተማር ይቀላል፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልቻለ ይሰናበታል» ሲል፣ ዐይኑን የተከለው ጋሽ እንደገና ላይ ነበር። እሳቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አብሯቸው የተሰለፈው ታናሽ ወንድማቸው ግን አልረሳም።

ጋሽ እንደገና ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ማተሚያ ቤት ገቡ፤ የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ታናሽ ወንድማቸውን አሳደጉ፣ ኋላም እዚያው ሥራ አስያዙት። በ1967 ዓ.ም. ከጥራዝ ክፍሏ ባለሙያ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

ከዚያ ስድብ በኋላ በየምሳ ሰዓቱ ኮምፒውተር ከምትችለው የቢሮ ጸሐፊ ጎን ተቀምጠው ኮምፒውተር ተማሩ፤ ባልደረቦቻቸውንም ማስተማር ጀመሩ። አለቆቹ «ዳግም ሥልጠና» አሉት፣ ሌላው «ተሐድሶ» አለው። እሳቸው ግን «መልሶ ማስተማር ማለት መጀመሪያ እጅን ማስረሳት ነው» ይሉ ነበር። የለቃሚ እጅ በልማድ ወደ ፊደል ሣጥኑ ይሄዳልና፣ በየኮምፒውተሩ ጎን ባዶ ሣጥን አስቀመጡ። «ይሂድ፣ አትከልክሉት። ባዶ መሆኑን ራሱ ይድረስበት» ይላሉ። እጅ ባዶውን ዳስሶ ሲመለስ «እንደገና» ይላሉ። ቅጽል ስማቸው ከዚያ ወጣ።

ከሁሉ የዘገየው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። «አንተን መልሶ ከማስተማር መልሶ መውለድ ይሻላል» ሲሉት ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ያችን ስድብ አልቆጠረባቸውም። ዓመቱ ሲያልቅ ከክፍሉ የተሰናበተ አንድም ሰው አልነበረም። ምስጋናውና ሹመቱ ግን ለሥራ አስኪያጁ ሆነ።

ጋሽ እንደገና ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል። ቤት ውስጥ ማለዳ ማለዳ የሁሉም ዐይን ወደ ወንበራቸው ይሄዳል፣ ባዶውን አይቶ ይመለሳል። «እንደገና» የሚል ግን የለም። ፈጣሪ ያን የደከመ እጃቸውን ይዞ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጎን ያስቀምጥልን።

ታናሽ ወንድማቸው ይህን የጻፈውን ለኅትመት ሲወስድ፣ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። «ለሰውዬው ዕድሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ እኮ፤ ስሜን አስገባው እንጂ» አለ። ታናሽ ወንድማቸው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አልፎት ወደ ውስጥ ገባ።