ደምሴ፣ ሞላው ለማን ነበር?

ደምስዬ፣ ሆዴ፤

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ እኔም ጥቁሬን አውልቄያለሁ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ቄሶቹ በደህና ቦታ ነው ያለው ይሉኛል፤ እኔ ግን እንደምታውቀኝ ሳላይ አላምንም።

ቤቱ እንዳለ ነው። በጎቹን ለእናትህ ሰጥቻለሁ፤ በትምህርት ቀን የሚያያቸው ሰው አጣሁ። የጎረቤታችን አጥር ወደ እኛ ገፋ ያለ መስሎኝ በእርምጃ ለካሁት። ንቅንቅ አላለም፤ ቢሆንም ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። ትምህርት ቤት ለማስተማር አሁንም ያንን ሁሉ መንገድ በእግሬ ስመላለስ ከረምኩ። ብስክሌትህ ደግሞ ጆንያ ለብሶ ጓዳ ውስጥ ቆሞ ነበር። የምጽፍልህም በእሱ ምክንያት ነው።

የሙት ዓመትህ ማግስት ወንድምህ ጌታነህ መጣና፣ ደምሴ ብስክሌቱን ውሰድ ብሎኝ ነበር አለኝ። መቼ? የት? ማን እየሰማ? ብዬ አፋጠጥኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! ላቡ ሲመጣ አይቼ፣ በል እስቲ ሞክረው አልኩት። ውፍረቱን ታውቃለህ። ገና ሲቀመጥበት የፊት ጎማውን የያዘው፣ ውስጡ ሞላ ያለው ሹካ ቁልቁል ሰመጠና ብረት ከብረት ተጋጨ። ይኼ ሞላ የሕፃን ልጅ ነው እንዴ? ብሎ ወረደ።

እኔ ደግሞ ያንን ሹካ በደንብ አውቀዋለሁ። በተጋባን ዓመት ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መስክ ላይ ብስክሌት ስታስተምረኝ እጄን ያሳበጠው እሱ አይደል? ሞላው ለአንተ ክብደት የተመረጠ ስለነበር እኔ ስወጣበት ዝቅ አይልም ነበር፤ የመንዝ ድንጋይ አንድ ሳይቀር የእጄ አንጓ ላይ ይደርሳል። ይኼ ብስክሌት ጠልቶኛል ብዬ ተውኩት። አንተ ግን ክፍል እንደገባህ ሁሉ ታስረዳኝ ነበር። ሞላ የሚመረጠው በነጂው ክብደት ነው፤ ከጠነከረ ድንጋዩን ለእጅ ያስተላልፋል፣ ከላላ ተጨፍልቆ ያልቃል፤ ልኩ ሰው ተረጋግቶ ሲቀመጥበት ሹካው ከሚሄድበት ሩቡን ያህል ዝቅ ሲል ነው ትለኝ ነበር። አንተስ መጀመሪያ መቼ አወቅህበት! ጤና ጣቢያ በሸሚዝ ተመዝነህ ሞላ ገዛህ፤ ከዚያ ካፖርት ለብሰህ፣ ጋቢ ደርበህ፣ ለሥራህ የምትይዘውን የበግ ክትባት ሣጥን ከኋላ ጭነህ ከብርዳሙ ጓሳ ተራራ ስትወርድ ሹካው በየጉድጓዱ ወገቡ እየተቆረጠ መጣ። ጓሳ በሸሚዝ የሚወጣ ይመስል እያልኩ ስንት ጊዜ ሳቅሁብህ። ያኔ በጠንካራው ለወጥከው።

እንግዲህ ጠንካራው ሞላ የት ሄደ? ጌታነህ፣ ደምሴ ታሞ ከስቶ ስለነበር ለራሱ አስቀይሮት ይሆናል አለኝ። ልቀበለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ዞር ስል ግን ኮርቻውን አየሁት፤ ከድሮ ቦታው ዝቅ ብሏል። በሽታ ያከሳል እንጂ እግር አያሳጥርም። ይህ ብስክሌት የተስተካከለው ለአንድ ቀጭንና አጭር ሰው ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጌታነህን ሸኘሁት።

ማን በሐሳቤ እንደመጣችብኝ ልንገርህ፤ ትዕግሥት። ያቺ ከመሥሪያ ቤትህ አዲስ የተቀጠረችው። በለቅሶህ ላይ ሚስቲቱ እኔ ሆኜ ሳለ ከእኔ በላይ ያነባችው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቢሮዋ ድረስ ሄድኩና ብስክሌት ትችያለሽ ወይ? አልኳት። ደንግጣ እንደማትችል ማለችልኝ። መሐላዋንም ጠረጠርኩት። ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። ፎቶህንም ከግድግዳው አውርጄ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ዕወቀው።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ትዝ አለኝ። ለሐኪም ቀጠሮህ ስትሄድ ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ አስጭነህ ፍሬኑን ላሠራ ነው ብለኸኝ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ፍሬን የሚያሠራ ሰው ሊነዳ አስቧል፣ ሊነዳ ያሰበ ሰው ደግሞ እየዳነ ነው ብዬ። ቅዳሜ ጠብቄ ወረድኩና ብስክሌት ሠሪውን አፈላልጌ አገኘሁት። ስምህን ጠርቼ፣ ሞላውን ያስቀየረው ለማን ነው? አልኩት። ሥራውን አቁሞ ቀና አለና፣ መምህርቷ እርስዎ ነዎት? ጠርጥራ መምጣቷ አይቀርም ብሎኝ ነበር አለኝ።

ለእኔ ነበር። ሰው ራሱን አይጠረጥርምና ቀጭንም አጭርም መሆኔ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። ክብደቷ ከነጋቢዋና ከነደብተሮቿ ይኼ ነው ብለህ ለስላሳውን ሞላ እንዳስመረጥክ፣ ኮርቻውንም አንተው ቆመህ እንዳስወረድክ ነገረኝ። ለካ በሞላሌ ከተማ ገበያ የእህል ሚዛኑ ላይ ያቆምከኝ ለዚህ ኖሯል! ጋቢሽን አታውልቂ፣ ቦርሳሽንም ያዢው ስትለኝ ከነጋዴው ጋር ተመካክራችሁ የምታሾፉብኝ መስሎኝ፣ እስከ ቤት አኩርፌህ ነበር። ደብረ ብርሃን መሐል መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ፎቶህን መልሼ ሰቀልኩት።

ደስታዬ ግን አላደረም። ሰውዬው የነገረኝ አንድ ሌላ ቃል ነበር፤ ከእኔ በኋላ የምትነዳው እሷ ናት ብለኸዋል። ከእኔ በኋላ። እንደምትሞት ታውቅ ነበር ማለት ነው። ያን ዕለት ከደብረ ብርሃን ስትመለስ ሐኪሙ እየተሻለህ ነው አለኝ፣ ለፋሲካ አብረን ጓሳ እንወጣለን አልከኝ። አጥር በእርምጃ የምለካ ሴት ያንን ሳልጠይቅ፣ ሳልመረምር አመንኩህ። አምኜህም የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ። አምኜህም የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሄጄ ሰነበትኩ፤ አንተው ነህ ሂጂ ያልከኝ። ብትነግረኝ ከአጠገብህ ንቅንቅ እል ነበር? ያንን ጊዜ ቀማኸኝ፣ ደምሴ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሌላ ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር፤ እሷን ተሳድቤ እገላገል ነበር። ትዕግሥትንም ገና ይቅርታ አልጠየቅኳትም። እንደዚያ ያለቀሰችው መሞትህን ቀድማ ታውቅ ስለነበር ይሆን እያልኩ ነው።

ብስክሌቱን ለጌታነህ አልሰጠሁትም። ላንቺ ካለ ያንቺ ነው አለኝ፤ ቶሎ መስማማቱ ራሱ አላማረኝም። አሁን ትምህርት ቤት በእሱ እሄዳለሁ። መንገደኛው ይስቃል፤ ይሳቅ። ሹካው ለእኔ ልክ ዝቅ ይላል፣ ድንጋዩ እጄ ላይ አይደርስም። መንገዱ በተመቸኝ ቁጥር አስብሃለሁ፤ ባሰብኩህ ቁጥር እቆጣሃለሁ።

ንስሐ አባቴ ቂም ተይዞ አይቆረብም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ላስብህ፣ በስምህ ጸበል ጻድቅ ላወጣ፣ ስምህን ከጸሎቴ ላልነጥል ቃል እገባልሃለሁ። ይቅር እንድልህ ግን ገና አታስቸኩለኝ። ይቅር ያልኩህ ዕለት የምረሳህ ይመስለኛል።

ያንተው ጠርጣሪ