ጭራ ያላት ክብ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ? የስፌት መኪናው ፔዳል ያሳበጠው ጉልበትሽ ተሻለው? መነጽሩን አሠራሽ ወይስ ዛሬም መርፌሽ ላይ ክር የምታስገባልሽ ታናሼ ናት? እኔ ለክፉ የሚሰጠኝ ነገር የለም፤ ጨጓራዬ ብቻ ተልጦ አልቋል።

በስልክ ልነግርሽ ስሞክር በንዴት እየተንተባተብኩ ስላስቸገርኩሽ ነው በወረቀት የመጣሁት። ሳሙና ፋብሪካችን ውስጥ ያሉት ቧንቧዎች ሁሉ ትልልቅ ወረቀት ላይ ተነድፈዋል። አንቺ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደምታሰምሪው ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳው በአንድ ምልክት፣ እጥፋቱ በሌላ። እዚህም ቫልቭ፣ ማለትም የቧንቧ መዝጊያው፣ አፍ ለአፍ የገጠሙ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች ነው፤ የግፊት መለኪያው ደግሞ ክብ ነው። ትርጉማቸው ወረቀቱ ጥግ ላይ ተዘርዝሯል። አንዲት ጭራ ያላት ክብ ግን ሰባት ቦታ ተጎልታ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም!

ባለፈው ሰኞ፣ ሠራተኛው "ቶሎ በሉ" እያለ የሚጠራው አለቃዬ አንድ አሮጌ የእንፋሎት ቧንቧ እንዲቆረጥ አዘዘ። በያጁ እሳቱን ከመለኮሱ በፊት እንፋሎቱ መዘጋቱን አረጋግጬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ንድፉን ባየው፣ መዝጊያው ሊኖር በሚገባው ቦታ ያቺ ክብ ተቀምጣለች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መለኪያ ናት አለኝ። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ የኅትመት ስህተት ናት አለችኝ። አለቃዬ ደግሞ ዝግ ቫልቭ ናት፣ አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው ያነበብናት፣ ፈርሚ አለኝ። ማን ነገረዎት ስለው፣ ሁሉም ያውቃል አለ። ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ ይዤ በሰው ነፍስ ላይ እንዴት ልፈርም? የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር እንደቀረው አስታውሶኝ ሄደ።

ንድፉን የሠሩትን ሽማግሌ አፈላልጌ ቤታቸው ሄድኩ። ጡረታ ወጥተው ጓሯቸውን ውሃ ያጠጣሉ። ምልክቷን ባሳያቸው በሳቅ ፈረሱ። ለራሴ ያደረግኋት ናት አሉኝ፤ በዓይናቸው ሳያዩ፣ ሰው በነገራቸው ብቻ በነደፉበት ቦታ ላይ የሚያስቀምጧት፣ ተመልሰው ሊያዩ። ጡረታው ቀደመኝ አሉ። እኔ አልሳቅኩም፣ እማዬ። አንድ ሰው "ገና አላየሁትም" ያለውን ፋብሪካ ሙሉ ሰው አሥራ አንድ ዓመት "ዝግ ነው" ብሎ ሲያነብ ኖረ!

በማግስቱ ባትሪ ይዤ ቧንቧው ወደሚያልፍበት የሳሙና ማፍያ ጋን ሥር በደረቴ ተሳብኩ። ቫልቭ ብሎ ነገር የለም። ቧንቧው እንፋሎት ከሚያመነጨው ቦይለር በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ ሙቀቱ ጓንቴን አልፎ ለበለበኝ። ተቆርጦ ቢሆን እንፋሎቱ በያጁን ፊቱ ላይ ያገኘው ነበር። አለቃዬ ይቅርታ ጠየቀ ብለሽ እንዳታስቢ። ቦይለሩ ጠፍቶ ይቆረጥ አለና፣ በዚያው አፉ የቀሩትን ስድስት ክቦች እስከ ዓርብ ዝግ ብለሽ አርመሽ ፈርሚ አለኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። ሳላይ አልፈርምም አልኩት። እንግዲያው የሚፈርም ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለኝ።

በያጁ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። "መርማሪዋ" እያለ ሲያሾፍብኝ የከረመ ሰው ነው። ወደ ሥራው ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣና ፊርማሽ ምን እንደሚመስል አሳዪኝ፣ ከእንግዲህ እሱን ሳላይ እሳት አልለኩስም አለኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ፈረምኩለት፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ማታ ማታ ብርድ ላይ አይቀመጥ። ታናሼን ለፈተናዋ በርቺ ብላሻለች በያት። አክስቴም ያንን ሳሏን ሐኪም ታሳይ፤ ነገ ዛሬ ማለት ይብቃት።

እስካሁን ከስድስቱ ክቦች ሦስቱን አይቻለሁ። ሦስቱ ይቀራሉ፤ አልፈረምኩባቸውም። ምናልባት ቅዳሜ ደጃፍሽ ላይ ከነሻንጣዬ ብታይኝ አትደንግጪ፤ ምን አጠፋሽ ብለሽም አትጠይቂኝ። ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ የሚሸኘኝ በያጁ ነው፤ ከነሙሉ አካሉ።

ልጅሽ
ከሳሙና ፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ
ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን