ስለ እማዬ ድምፅ

ለምወድህ ወንድሜ ለሰውአገኝ፤

እንዴት ከርመሃል ወንድምዓለም? በክረምት ሲያስቸግርህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም አለ? እንቅልፍህ እንዴት ነው? በሰዓቱስ ትበላለህ? ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ጎርነን ብሎብኝ ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ላይ ወድቄያለሁ። እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደኅና ነን። አማችህ አረጋ ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ከሥራ አላስቀረውም። ልጃችን ሰርካለም ሰባተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት በልጣኛለች። ቀይዋ ላም በጥቅምት መጀመሪያ ወለደች። ባቄላውን ውርጭ ነካው፤ ገብሱ ግን ከአምናው ይሻላል፣ ታጭዶ ተከምሯል። እማዬም አካሏ ደኅና ነው። አካሏ ያልሁት ሌላ የምነግርህ ነገር ስላለኝ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። በመጀመሪያው አብሮህ የሚሠራው ሰው አነሣና ቀረጻ ላይ ነው አለኝ። በሁለተኛው አንተው አነሣህ፤ ግን ገና «ስለ እማዬ» ብዬ ስጀምር በእሷ ድምፅ መለስህልኝ፤ ሳላስበው ሳቅሁና የምናገረው ጠፋኝ። በጽሑፍ መልእክት ልልክልህ ብዬም ጀምሬ ነበር፤ የሚላኩልህን መልእክቶች ለሕዝብ ስታነብ ስላየሁ ፈርቼ አጠፋሁት። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ ስለሚወርዱ ይህን ወረቀት በእጅህ እንዲሰጡልኝ አደራ ብያቸዋለሁ። እባክህ ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

የእማዬን የመሰለ ሻሽ አሥረህ፣ ስሟንም ወስደህ «እማማ ብርቅዬ» ተብለህ ቲክቶክ ላይ መታየት ከጀመርህ በመጪው ፋሲካ ሁለት ዓመት ይሆንሃል። መጀመሪያ እንዴት እንደሳቅን ታስታውሳለህ። «ቆዩኝማ፣ ቁጭ ልበልና ከዚያ ልቆጣ» ስትል አባባ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሆዱን ይዞ መደቡ ላይ ተጋደመ። እማዬም ራሷ «ይኼ ቅሌታም፣ እንዲህ ነው እንዴ የምለው?» ብላ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች። ያኔ ሳቋ ከልቧ ነበር።

እያደር ግን ነገሩ ሰፋ። አንተ የሳሙናም የዘይትም ማስታወቂያ በእሷ ድምፅ ሠራህ። ላሊበላ ላይ ሻሽ ያሠርህበት ፎቶ ባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጥፎ አየነው። ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ የማናውቃቸው ወጣቶች እማዬን እያስቆሙ «እስቲ ያቺን ነገር በይልን» ይሏት ጀመር። መጀመሪያ መጀመሪያ ትልላቸው ነበር። አንዱ ሰምቶ ሲያበቃ «ልጅሽ ይበልጥሻል» አላት። እሷም ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። ሌላ ቀን ደግሞ ጨው የሚሸጥልንን አብዱልሀሚድን እንደ ልማዷ በዋጋ ስትሟገተው ሰው ከበባትና ስልክ ደቀነባት። እማዬ ሙግቷን አቋርጣ የተባለችውን ከፈለች። አብዱልሀሚድ ራሱ ግራ ገብቶት «ብርቅዬን ዛሬ አመማት ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርህ፤ ሁሉን አንተ ላይ ብጭን እግዚአብሔር አይወደውም። «አዲስ ነገር ላኪልኝ» ባልኸኝ ቁጥር ስልኬን ጎታው ላይ አስቀምጬ ሳታውቅ የቀዳኋት እኔ ነኝ። ከላሟ ጋር ስታወራ፣ ዶሮ ስታባርር፣ ከአረጋ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ ለብቻዋ ስታጉረመርም ሁሉን ቀድቼ ልኬልሃለሁ። ለቤቱ ቆርቆሮ ስትልክልን ደግሞ መቅዳቱን እንደ ሥራ ያዝሁት። አንድም ቀን ልንገራት አላልሁም።

ባለፈው ሐምሌ ለአባባ ሙት ዓመት መምጣት ስላልቻልህ እማዬ ያወረደችውን ሙሾ ቀድቼ ላክሁልህ። ያንን የላክሁት ግን ለሥራህ ብዬ አይደለም፤ አብረኸን እንድታለቅስ ብዬ ነው። ያን ዕለት ደወልህልኝ። ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር፣ በዚያ አልጠራጠርህም። በመስከረም መጨረሻ ግን ያንኑ ዜማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የምትወዛወዘውን መወዛወዝ እንኳ ሳታስቀር፣ ቻርጁ ላለቀበት ስልክ አወረድኸው። ስንት ሰው እንዳየው ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሰርካለም አሳየችኝና እኔም ሳቅሁ። መሐል ላይ ግን እማዬ አባባን በስሙ የጠራችበት ቦታ አንተ «ስልኬ» ስትል ሰማሁና ሳቄ ቆመ። ለእማዬ አላሳየናትም።

ጥቅምት ዘጠኝ ቀን አያ ደባሱ አረፉ። መሞታቸውን ነግሬሃለሁ፤ የቀብሩን ግን አልነገርሁህም። አባባ የሞተ ጊዜ ማንም ሳይጠራቸው በሬያቸውን ነድተው መጥተው ማሳችንን ያረሱልን እሳቸው እንደሆኑ አትረሳም። እማዬ መሞታቸውን ከሰማች ጀምሮ ስታለቅስላቸው ነው ያደረች። ሰዉም እሷን ነበር የሚጠብቅ፤ ከእኛ ሰበካ አልፎ እስከ ጋሸና መንገድ ድረስ ሙሾ አውራጅ ሲባል ብርቅዬ እንደምትጠራ ታውቀዋለህ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት፣ ተነሣች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ እንዲህም ብላ ጀመረች፦

ደባሱ አራሹ ማሳውን ጨርሶ፣
በሬዎቹን ፈታ ሞፈሩን መልሶ።

ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አንዱ «ቻርጁ አለቀ» አለ። ሌላው አፉን በጋቢው ያዘ፤ ሦስት አራት ስልክ ወደ ላይ ወጣ። ሰዎቹ ክፉዎች ሆነው አይመስለኝም ሰውአገኝ፤ ዜማውን ሲሰሙ ሳቁ በራሱ ጊዜ ነው የመጣባቸው። እማዬ ግን ያንተን ቪዲዮ አላየችምና የሳቁት ለምን እንደሆነ አልገባትም። ልብሷ የተቀደደ መስሏት ዞር ብላ ቀሚሷን አየች። ሻሿን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ድጋሚ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም፤ ተቀመጠች። የአያ ደባሱ ባለቤት እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ከሬሳው አጠገብ ቀና ብላ አየቻት፤ ያንን አተያይ እኔም እስካሁን አልረሳሁትም። ሙሾውን ሌላ ሴት ተቀበለች።

እቤት ስንገባ ሰርካለምን «ምን አድርጌ ነው የሳቁብኝ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ እያለቀሰች ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። እማዬ እስከ መጨረሻው አየችው። አልተቆጣችም። ስልኩን መለሰችላትና «ዜማውን አልሳተም፣ ጥሩ አድርጎ ይዞታል» አለች፤ ከዚያ ጥጃውን ላየው ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አፏ ተዘጋ። «አዎ» እና «አይ» ብቻ ሆነች። ላሟን ስታልብ ዝም፤ ዶሮው እህል ሲበትን በእጇ ብቻ ታባርራለች። ስልኬ የትም ተቀምጦ ካየች ቤቱን ትታ ትወጣለች። ማኅበር ላይ አንገቷን ደፍታ ትቀመጥና ጸሎቱ ሲያልቅ ቀድማ ትነሣለች። ያን ቤት ታውቀዋለህ፤ የእማዬ ድምፅ ሳይኖርበት የቆርቆሮው ኮሽታ ብቻ ሲሰማ ሰው የለቀቀው ቤት ይመስላል። አንተ በዚያ ሰሞን «ዝም አላችሁኝሳ፣ አዲስ ነገር የለም?» ብለህ ጻፍህልኝ። ምን ብዬ ልመልስልህ?

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ዕለት በረንዳው ላይ ምስር ስንለቅም መቋቋም አቃተኝ። «እማዬ፣ ቀድቼ የምልክለት እኔ ነበርሁ» አልኋት። እጇ አልቆመም፤ ጠጠሩን መልቀሟን ቀጠለች። በኋላ ምን አለችኝ መሰለህ? «በሳቁት ሰዎች አልተከፋሁም። እኔን የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነው። ልጆቼን እንዲያ ስቆጣ ብቻ ነው የኖርሁት? ልጄ እኔን የሚያስታውሰኝ በዚያ ብቻ ነው?» አለችኝ። ቀጥላም ኩፍኝ ይዞህ ሞት አፋፍ የደረስህ ጊዜ አዝላህ ሐኪም ፍለጋ ጋሸና ድረስ የሄደችውን አነሣችብኝ። መኪና ጠፍቶ በእግሯ፣ እንዳትተኛባት ፈርታ መንገዱን ሙሉ ስትዘፍንልህ። «ለካ ሕፃን ስለነበረ አያስታውሰውም፤ ደግሞስ ያ ማንን ያስቃል?» አለች።  

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «የሠራውን ሁሉ አሳዩኝ» አለች። ሰርካለም መሐል ላይ አስቀመጠቻትና ከመጀመሪያው ጀምሮ አየን። አንዳንዱ ጋ ሳቀች፤ ያ መርፌ ጠፍቶባት ሰፈሩን ሁሉ የምትጠይቅበት ጋማ እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች። ወደ ኋላ ላይ ያሉት ላይ ስንደርስ ግን ሳቋ ቀረ፤ ጣቷን ምስልህ ላይ አድርጋ «እዚህ ላይ ከስቷል። ጉንጩን እዩት። ማን ያበስልለታል?» አለች። ሌላው ላይ ደግሞ «እዚህ ላይ አልቅሶ ነው የመጣው፤ ዓይኑ የአባቱ ዓይን ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ» አለች። ወንድሜ፣ ያ ሁሉ ሰው ሻሹን ሲያይ እሷ ያየችው አንተን ነው። እውነት ከስተሃል ወይ? አልቅሰህስ ነበር? ይህን ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ።

የአያ ደባሱ አርባ የደረሰ ዕለት እማዬ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «የጀመርሁትን ሳልጨርስ ሰውዬው አርባ ሞላው» አለችኝ። ካህናቱም እንግዳውም ሳይመጣ እነ አመተ ጊዮርጊስ ቤት ደረስን። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ለተዝካሩ ሽሮ እያሰናዳች ነበር፤ እማዬን ስታይ እጇን ታጠበችና ወደ ውስጥ አስገባቻት። እኔ ስልኬን እቤት ትቼው ነበር፤ ቢሆንም ገብቼ አጠገባቸው መቀመጥ አልደፈርሁም፣ አጥሩ ጋ ቆምሁ። እማዬ ከዚያ ቀብር ላይ ካቆመችበት ቦታ ጀመረች። ሙሾውን ሰምቻለሁ፤ በቃሌም ይዤዋለሁ። ግን አልጽፍልህም። ያቺ ሴት ባሏን በደንብ አለቀሰችው፤ ሁለቱ ሲወጡ ዓይናቸው አብጦ ፊታቸው ግን ቀልሎ ነበር።

ከዚያ ዕለት ወዲህ እማዬ ትንሽ ትንሽ ትናገራለች። ትናንት አረጋን ስለ ገብሱ ክምር አንድ ሁለት ቃል ተናገረችው፤ እሱም ደስ ብሎት ሆነ ብሎ ሲያጠፋ ዋለ። ገበያ ግን ገና አትወርድም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ለገና «እውነተኛዋን እማማ ብርቅዬ ከላሊበላ በቀጥታ አሳያችኋለሁ» ብለህ ለሕዝብ ቃል እንደገባህ ሰርካለም ነገረችኝ። ደግሰው የሚባለው አስጎብኚም ለካሜራ ሰዎችህ ክፍል እንደያዘልህ በኩራት አጫውቶኛል። ለእማዬ አልነገርኋትም፤ ያንን ገና የተከፈተ አፏን ድጋሚ መዝጋት አልፈልግም። ቃል የገባህበት ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብትተው የሚቆጡህ ሰዎች እንዳሉም ይገባኛል። እኔ ግን ታላቅ እህትህ ነኝና እለምንሃለሁ፦ ለገና ና፤ ግን ለብቻህ ና። ከአውሮፕላን ማረፊያው አረጋ ይቀበልሃል። አንድ ሳምንት እሷ ጋ ቁጭ በል፤ ስትቆጣህ ስማት፣ ስትመርቅህ አሜን በል። ሻሽ ያሠረ ሳይሆን ሰውአገኝ የሚባል ልጇ ይምጣላት። ያንን የስልኩን ሙሾም ከቲክቶክ ብታጠፋው ለአባባ ስል ደስ ይለኛል። እኔም ከእንግዲህ ሳላስፈቅዳት አንድ ቃል አልቀዳም፤ ይህን በማርያም ስም ቃል ገብቼላታለሁ።

አረጋ «ሰላም በይልኝ፣ ሲመጣ በጉ ዝግጁ ነው» ይልሃል። ሰርካለምን ናፍቀሃታል፤ የሒሳብ መጽሐፍ ካገኘህ ይዘህላት ና ብላለች። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ «ልጄን ሰላም በይው፣ ቂም አልያዝሁበትም» ብላሃለች፤ ይህን ሦስት ጊዜ ነው ደጋግማ ያለችኝ። አብረውህ ለሚሠሩትም በጠቅላላ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

እማዬን «ምን ልበልልሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ «ልጄ ሰውአገኝ፣ በጤናህ ኑር፣ እህል ቅመስ። ቁጣዬን ሰጥቼሃለሁ፤ አባትህንም ያሳቀው እሱ ነውና እንጀራ ብላበት። ለቅሶዬን ግን መልስልኝ። ገና የማለቅስላቸው ሰዎች አሉኝ።»

እህትህ ባንቺዓለም

ላስታ፣ ከአሸተን ማርያም ግርጌ
ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.