ዘጠና ኪሎ የእንግሊዝ መዳብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

«ዕቃው ለሰብሳቢ የሚሆን ምንም ዋጋ የለውም። እንደ ውዳቂ ብረት፣ በኪሎ ሒሳብ ልንረከበው እንችላለን። ሟቹ በባዳንቴያቸው ላይ ትንሽ ቀልድ ሊቀልዱ የፈለጉ ይመስላል።»

ይህን የጻፈው ዶቶር ፓላንቲ የሚባል የጥንት ሳንቲም ነጋዴ ነው። ከጣሊያንኛ መለስኩት እንጂ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ኢሜይሉ የደረሰኝ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በምሠራበት ፔንሲዮኔ፣ ትንሽዬ ሆቴል ውስጥ፣ የጠዋት ፈረቃዬ ላይ ነው። ለሁለት ጀርመኖች ቁልፍ እየሰጠሁ ነበር። የሌላ ክፍል ቁልፍ ሰጠኋቸው። እኔ... በዚህ ሥራ ቁልፍ ተሳስቼ የማላውቀው ሰው!

ቀልድ ይላል። እህቴ እትዬ ጽጌረዳ ባዳንቴ፣ የሽማግሌ አስታማሚ ሆና ሲኞር ሃሮልድን ሃያ ሁለት ዓመት አገለገለች። አበሰለች፣ አጠበች፣ መጨረሻ ላይ አጎረሰች፤ ዓይናቸውንም የከደነችው እሷ ናት። እንግሊዛዊ ነበሩ፤ ሮም ላይ ሲያስተምሩ ያረጁ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ኑዛዜያቸው ሲከፈት ቤቱ ለወንድማቸው ልጅ፣ ለእሷ ደግሞ ካንቲና፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የተከማቸው የድሮ የእንግሊዝ የመዳብ ሳንቲም ሁሉ። ዘጠና ኪሎ። ፓላንቲ ካንቲናው ድረስ መጥቶ ላይ ላዩን አየ፤ አምስቱን «ለምርመራ» ብሎ ኪሱ ከተተ፤ ሄደ። ዋጋ ከሌላቸው ምናቸውን ነው የሚመረምረው?

ቤት ስገባ «ምን አለ ሰውየው?» አለችኝ። አነበብኩላት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መዝለል ነበረብኝ... አልዘለልኩም። ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«ሲስቁብኝ ነው የኖሩት ማለት ነው?»

«ውሸቱን ነው።»

«አንተ በምን አወቅህ? ገንዘቡ ይቅርብኝ ሸዋ። ይቺን ብቻ አጣራልኝ። ቀልደውብኝ ነው ወይስ የምር ነው የሰጡኝ?»

የሞተ ሰው ሐሳብ እንዴት ይጣራል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ከካንቲናው አወጣነው። ተኽላይ ረዳኝ፤ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ባር ያለው አስመሬው ወዳጄ። በካርቶን፣ በከረጢት፣ በብስኩት ቆርቆሮ... የእኛ ቤት ደግሞ ቲቡርቲና ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ። አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ተኽላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተዘረፈጠ።

«አንተ ሸዋንግዛው! እንግሊዝ አያቴን ገዛ፣ እሺ ይሁን። እኔን ደግሞ ንጉሡን ከነዘውዱ ያሸክመኝ?»

«ንግሥቲቱም አለች።»

«እሷንማ ቀስ ብዬ ነው የያዝኳት።»

ልስቅ አልፈለግሁም ነበር። ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስታቲስቲክስ የተማርኩት ለዚህ ነበር ለካ። አልጋዬ ላይ አንሶላ ዘርግቼ መለየት ጀመርኩ። በመጀመሪያ በንጉሥ፣ ቀጥሎ በዓመት፣ ቀጥሎ በመልክ። ወፍራሙ ጆርጅ። ቪክቶሪያ ልጅ ሆና፣ ጸጉሯ በጥብጣብ ታስሮ። ቪክቶሪያ አርጅታ፣ ሻሽ አጥልቃ። ከጀርባ ሁልጊዜ ያቺው ሴት፤ ጋሻዋን ይዛ የተቀመጠች። ብዙው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ፊቱ ሟሟ። እጄ መዳብ መዳብ ይሸታል፤ የነካሁት ዳቦ ሁሉ መዳብ መዳብ ይላል።

አንድ ነገር አነበብኩ። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልታጠበውን ነው። ያ ቡናማ ቆዳ፣ ፓቲና የሚሉት፣ ስንት ዘመን ፈጅቶ የሚመጣ ነው። አንዴ ከተፈገፈገ አበቃ፤ አይመለስም።

ይህን ባነበብኩ በሰዓቱ አንድ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ... ውስጡ ያለው ሁሉ እንደ ሠርግ ድስት ያብረቀርቃል! የንጉሡ አፍንጫ እስኪሟሽሽ ተፈግፍጓል። ደግነቱ ሁሉም ተራ ዓመት ነው። ከአንዱ በቀር። የ1797 ሁለት ፔኒ፤ እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚከብድ። እሱን ሳይ ልቤ ደማ። የትኛው አረመኔ ነው ይህን የሠራው? ክዳኑን ገጥሜ አልጋ ሥር ወረወርኩት።

እትዬ ጽጌ በር ላይ ቆማ ነበር። «ላግዝህ?»

«አትንኪ» አልኳት።

ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ሥራ ይዤ ማስረዳት አልወድም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ለፓላንቲ ሁለተኛ ጻፍኩ። መልስ የለም። አምስቱ ሳንቲሞች እዚያው እሱ ዘንድ ናቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ። እየሩሳሌም፣ እሷም እንደ እህቴ ባዳንቴ ናት፣ በሰው መሐል፦ «ጽጌዬ፣ የኔዋ ሲኞራ እንኳ ስትሞት ቴሌቪዥኗን ተወችልኝ። አንቺን በዝርዝር ሸኙሽ?» ሳቅ ሆነ። እትዬ ጽጌም አብራ ሳቀች። አውቶቡስ ውስጥ ግን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

እኔ ለጆርጅ ምን ገዶኝ! ለዚህ ነው እንጂ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ወፍጮ ሆኛለሁ፤ ከሥራ መልስ ያለማቋረጥ እለያለሁ። ግን ፍሬ አለው። ፊታቸው ያልጠፋ፣ ቆዳቸው ያልተነካ፣ በጣም ጥሩ ጥሩ ወጡ። ውዳቂ ብረት? ይኼ ሰውዬ ዓይን የለውም፤ ወይም ዓይኑ ደኅና ነው...

ሳንቲሞቹን በወረቀት ስጠቀልል ነው እትዬ ጽጌ የተነፈሰችው። «በቀብሩ ዕለት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ መጥተው፣ ስትሸጪ ጥሪኝ ብለው ካርድ ሰጥተውኝ ነበር።»

«እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

ደወልኩ። ሲኞር ቤርቶሊ ይባላሉ። ከሲኞር ሃሮልድ ጋር አንድ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ውስጥ ነበሩ። እሑድ ይመጣሉ። ሳንቲሙን ያያሉ። እኔ ደግሞ የእሷን ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29



ምርጥ ምርጦቹን ለነገ ጠረጴዛው ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሬ ነበር ወደ ሥራ የሄድኩት። ስመለስ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ... ሁሉም ያበራሉ። ቀይ። አዲስ። ራቁታቸውን። እሷ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ፈገግ ብላ ቆማለች።

«እንግዳ ይመጣል እያልክ እንዲያ ጠቁሮ ይቀርባል እንዴ? በሎሚና በጨው ነው። የሲኞሩን ቤት መዳብ ሁሉ እንዲህ ነበር የማበራው።»

ጮህኩ። ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። «መሃይም» ብያለሁ። ያሳደገችኝን። ሰው ቤት ሠርታ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችኝን። የተጨመቁትን ሎሚዎች ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች።

አትንኪ ብቻ ነበር ያልኳት። ለምን የሚለውን መንገር ምን ያህል ጊዜ ይወስድብኝ ነበር?

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ሲኞር ቤርቶሊ ያንን ሁሉ ደረጃ በከዘራ ወጡ። ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። የሚያበሩትን አንድ በአንድ እያነሱ አዩ። እኔ አፍሬ ግድግዳውን አያለሁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሎሚ?»

«ሎሚና ጨው» አለች፣ ወለሉን እያየች።

ሳቁ። ሳቁ ሳል እስኪሆን። «ማዶና! ለካ የሎሚው ነገር እውነት ነው!»

ምኑ ያስቃል? ሻይ ልታመጣ ስትገባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ሃሮልድ ከሁሉ የሚወደው አንድ የ1797 ሁለት ፔኒ ነበረው አሉ። ሮዛ (እነሱ እንዲያ ነው የሚጠሯት) ሥራ በጀመረች ዓመት፣ ፋሲካ ሲደርስ፣ ጠረጴዛ ላይ አግኝታ ፈግፍጋ አበራችው።

«ማኅበሩ ዘንድ ሲመጣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ታዲያ ምን አልካት? አልነው። አመሰገንኳት አለ። ደስ ብሏት ነበር፣ ምን ልበላት? አለ።»

«እና ለምን ለእሷ ተናዘዙ? ለእናንተ መስጠት ሲችሉ?»

«ለምነነዋል እኮ! እናንተ የምታዩት ዋጋቸውን ነው አለን። አምረው እንዲታዩ የፈለገችው እሷ ብቻ ናት አለ።»

ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «እህትዎ ያለቀሱ ይመስላሉ። ሃሮልድ ግን አልጮኸባቸውም ነበር።»



የቀረውን ማኅበሩ በየእሑዱ ይሸጥልናል፤ በኪሎ ሳይሆን አንድ በአንድ። ፓላንቲ የወሰዳቸውን አምስቱንም በስልኬ አሳየኋቸው፤ ከመውሰዱ በፊት ፎቶ አንስቼ ነበር፣ ልማዴ ነው። አጉልተው አዩና አፏጩ። «ይህ ሰው ብረት አይደለም የወሰደው።»

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ነገርኳት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ቆሜ። ከዚያ ሁሉንም፤ ስለ ቡናማው ቆዳ፣ ሎሚው ስለሚያጠፋው፣ ስለ ሁለት ፔኒው፣ «አመሰገንኳት» ስላሉት።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ሰማያዊውን ቆርቆሮ ከአልጋዬ ሥር ጎትታ አወጣች።

«ይህንን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። አረመኔ የሠራው ነው ብዬ...»

«አረመኔዋ እኔ ነኝ።»

ከዚያች ፋሲካ ወዲህ ሲኞሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሳንቲም ያወጡላት ነበር። «ሮዛ፣ ለበዓል እነዚህን አሳምሪልኝ ይሉኛል። ስጨርስ መስኮት ላይ ደርድረው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ቁጭ ብለው ያያሉ። አቤት ሲያምር ይሉኝ ነበር...» አቋረጠች። አሰበች። «ተራ ተራውን እየለዩ ነበራ የሚሰጡኝ?»

«አዎ።»

«አይ ሲኞር!» ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አይነግሩኝም?»

ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «እንግዲያው ቀልድ አልነበረም» አለች። መጠየቋ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሳንቲሙ ማኅበሩ ዘንድ ሄዶ አልጋዬ ባዶ ሆነ፤ ዛሬ ተዘርሬ እተኛለሁ። ሰማያዊው ቆርቆሮ አይሸጥም። በኔ ጥፋት የተፈገፈጉትም እሱ ውስጥ ገቡ፤ ውሳኔው የእሷ ነው። ሁለት ፔኒው መስኮት ላይ ነው። ትናንት እየሩሳሌም መጥታ አየችው። «ወርቅ ነው እንዴ ጽጌዬ?» «ከወርቅ ይበልጣል፤ በጣትሽ እንዳትነኪው» አለቻት። እንዳትነኪው! እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሳቅሁ።

የፓላንቲን ጉዳይ ጨረስን። ያለፉትን ሁለቱን ደብዳቤ በራሴ ስም ነበር የጻፍኩት። ስሕተት። ባለቤቷ እሷ ናት። በአማርኛ አረቀቅን፤ ነገ ጣሊያንኛው በራኮማንዳታ፣ በአደራ ፖስታ ይሄዳል። ረቂቄ ላይ «ሌባ» የሚል ነበረበት።

«እሷን አውጣት።»

«ነው እኮ!»

«አውጣት አልኩህ። ቀልድ ያላትን ግን እንዳታልፋት።»

«ሳይታጠቡ» የምትለዋን ደግሞ ራሷ ናት ያስገባችው። እንዲህ ይላል፦

«ለዶቶር ፓላንቲ። ለምርመራ ብለው የወሰዷቸው አምስት ሳንቲሞች የእኔ ናቸው። ፎቷቸው ተያይዟል። እንደነበሩ፣ ሳይታጠቡ፣ ይመልሱልኝ። ሲኞር ሃሮልድ ቀልደውብኛል ብለውም ጽፈዋል። አልቀለዱብኝም። ይህን ቃልዎን ማንሣትዎን በጽሑፍ ያሳውቁኝ። መልሱ ለባዳንቴዋ ተብሎ ሳይሆን በሙሉ ስሜ ይጻፍ። እስከ ኖቬምበር 28 ድረስ እጠብቃለሁ። ጽጌረዳ አበራ።»